በእትዬ ጥሩ ፈረስ ወደ ታችኛው ውሃ

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ፈረስን የሚያውቀው ከኋላው ነው። ጋሪ ላይ ቁጭ ብሎ ጭራ ሲያይ ያድጋል፣ ጭራ ሲያይ ያረጃል። እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመት ስኖር የፈረስ ፊት በቅጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ይሄ ግን ጋምቤላ ክልል ድረስ ሄጄ «እኔ የፈረስ አገር ሰው ነኝ» ብዬ ከመጎረር አላገደኝም።

የዚህን ጉዞ ወሬ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶም ለሁሉም አሳይቻለሁ። በቁምጣ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ፎቶ ተነስቷል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ከኋላዬ፣ ዳር ላይ፣ ቅጠል ይዘው ስለቆሙት ሰውዬ ግን «እኚህ ማናቸው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። የጋምቤላ ክልሏን መቲ ከተማን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ ዛሬ ከነሰውዬው ልንገራችሁ።

የጠራኝ ሙሉጌታ ነው። ኮሌጅ እያለን ተደራራቢ አልጋ የተጋራን፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች የተኛን ጓደኛዬ ነው። ያን ጊዜም ከላይ አልወጣም ብዬ የታችኛውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ መውጣት አልወድም። እሱ መቲ ተመድቦ ሄደና እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ ይደውላል፦ «ና እንጂ! ጫካ ውስጥ በፈረስ ትንሸራሸራለህ፣ ውሃ ትዋኛለህ፣ ሰው ትሆናለህ።» ዘንድሮ ሰው ለመሆን ወሰንኩ።

ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስሳፈር ከደብረ ብርሃን የለበስኩት ሹራብ እላዬ ላይ ነበር፤ ከሹራቡ በላይ ደግሞ ጃኬት። ጋምቤላ ስናርፍና በሩ ሲከፈት የገባው አየር አይባልም፤ ሰው ፊትህ ላይ ሲተነፍስብህ ነው የሚመስለው። ደረጃውን ሳልጨርስ ሹራቤ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ሻንጣ የሚያወርደው ልጅ አየኝና «አባባ፣ ጃኬቱን ለማን ይዘው መጡ?» አለኝ። ሙቀቱን እችለው ነበር። «አባባ» የሚለውን ነው ያልቻልኩት።

ኒውላንድ ሰፈር አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ስታናግረኝ ጎንበስ ትላለች፣ እኔ ቀና እላለሁ። ከልማድ የተነሳ «ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ብርድ ልብስ? እዚህ?» አለችና ሄዳ ለጓደኛዋ በቋንቋቸው ነገረቻት፤ ከግድግዳው ማዶ ሳቃቸው ለረጅም ጊዜ ተሰማኝ። ግን ደግሞ ቧንቧው ደርቆብኝ ስታገኘኝ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ራሷ ተሸክማ በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እኛ አገር ለእንግዳ ሙቅ ውሃ ነው የሚቀርበው። እዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው ክብሩ።

ከሰዓት የዋና ቁምጣ ፍለጋ ወጣሁ። ባለ ሱቁ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በተለይ መሃሌን አዩኝና «ወንድሜ፣ ላንተ የሚሆነው ቁምጣ ሳይሆን መጋረጃ ነው» አሉኝ። ፈልገው ፈልገው አንድ ቢጫ አገኙልኝ፤ ማሰሪያው ትንሽ አጭር ነበር። «አታስበው፣ ሆድህ ይይዘዋል» ብለው መረቁኝ። ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ዓሣ ጥብስ ከነራሱ አቀረቡልኝ። እኛ ጋ ዓሣ በጾም ቀን ከጣሳ የሚወጣ ነገር ነው፤ ይሄኛው ሲያየኝ አፍሬ ፊቱን አዞርኩት።

ማክሰኞ ወደ መቲ ጉዞ። ሁለቱም አንድ ክልል ናቸው ሲባል ሰፈር ለሰፈር ይመስላል፤ መኪናው ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሄደው። መጀመሪያ ሜዳና ረጅም ሳር፣ ቀጥሎ ዛፉ እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ መንገዱን አነቀው። መሃል ላይ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን ማንጎ በፌስታል ተቋጥሮ፣ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚደርሰን፤ እዚህ ሰው እየረገጠው ያልፋል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ስድስት ማንጎ ልጣ አበላችኝ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን ሳስበው በዚያ ጉዞ ላይ ሁሉ ሥራዬ ይሄ ነበር። ሰው ይሰጠኛል፣ እኔ እቀልዳለሁ፣ እቀበላለሁ።

ማምሻውን መቲ ደረስን። ከፍ ያለች፣ ነፋሻ፣ ቡናና ጫካ የከበባት ከተማ ናት፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ሙሉጌታ አቅፎኝ አቅፎኝ እጁ ከኋላዬ አልገናኝ አለው። «ኧረ እንዴት ነው የወፈርከው! ምስኪን ቦራ!» አለ።

ቦራ ማን እንደሆነ ረቡዕ ጠዋት አወቅኩ። ከሙሉጌታ ጎረቤት ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከሰሜን ከሰፋሪዎች ጋር የመጡ ናቸው። ቦራ ፈረሳቸው ነው። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ሙሉጌታ ለእኔ ሲል ለምኗቸው ነው የፈቀዱልኝ። ጋሽ ደምሰው «እርስዎ» እያሉ ነው የሚያናግሩኝ፤ «ኧረ ጋሽዬ፣ በእናትዎ አንተ ይበሉኝ» ብላቸው «ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ ነዎት፣ ደግሞ መምህር» አሉ። አንድ ቀን ሙሉ ለመንኳቸው፤ አንተ ማለት አልሆነላቸውም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። አንተ ማለት የማይሆንለት ሰው እንቢ ማለት ከየት ያመጣል?

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ከቤት እስከ አጥሩ በምርኩዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቦራ። ጤና ጣቢያም በቦራ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያንም በቦራ። «እግሬ እኮ ነው» አሉኝ አንገቱን እየዳበሱ። «እኔ ሁለት አለኝ አይሠሩም፤ እሱ አራት አለው ይበቃናል።»

«በሰፈሩ ስንት ፈረስ አለ?» አልኳቸው።

ጋሽ ደምሰው መለሱ፦ «ይሄው ነው። እኛም ሁለት ነበሩን። አንዷ አምልጣ ወደ ታች ወረደችና ገንዲ ያዛት። ዝንቡ ነው። እዚህ ደጋው ላይ እምብዛም ነው፤ ታች ወንዙ ጋ ነው አገሩ። ከያዘ በኋላ ማዳን ከባድ ነው።»

ገንዲን እኔ አላውቀውም እንዳትሉ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የቆላ ዝንብ በሚያመጣው በሽታ የተነሳ ፈረስና ከብት የማይረባበትን ቦታ በካርታ አሳዩ የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አወጣለሁ፤ ቦታውን ለሳተ ተማሪ ምሕረት የለኝም።

ከዚያ ትምህርት ተጀመረ፤ ተማሪው እኔ። ጋሽ ደምሰው ጉቶ ላይ አቁመውኝ እርካቡን ያዙልኝ። በግራ ወጥቼ በቀኝ ወረድኩ። እትዬ ጥሩ ምርኩዛቸውን እስኪጥሉ ድረስ ሳቁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስወጣ ቦራ ዞር ብሎ አየኝ፤ የመጀመሪያዬ የፈረስ ፊት እሱ ነው። «ልጓሙን አይጎትቱት» አሉ ጋሽ ደምሰው፤ «ራሱ ያውቃል። ሕመምተኛ ማመላለስ የለመደ ነው።»

«በሽታዬን በምን አወቁ?» አልኳቸው። በሳቅ ሞቱ። ሳቃቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ። ኮርቻው ቆረቆረኝ ብዬ ብጮህ እትዬ ጥሩ እሁድ እሁድ የሚቀመጡባትን ትራስ አመጡልኝ፤ ከአሮጌ ጋቢ በእጃቸው የሰፏት፣ ጥጥ የተጠቀጠቀባት ትራስ ናት።

ሐሙስ ጉዞ ወጣን። ሙሉጌታ ክፍል ነበረው፣ ቀረ። ፊት ፊት ጴጥሮስ ገጀራ ይዞ ይመራል፤ የአገሩ የማጃንግ ተወላጅ ነው፣ ንብ አርቢ ነው፣ ጫካውን እንደ ግቢው ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ ጋሽ ደምሰው በእግራቸው፣ የቦራን ገመድ ይዘው። ቀጥሎ እኔ፣ እንደ ጤፍ ማዳበሪያ ተጭኜ።

እኛ አገር ጫካ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ባንዲራ ሊሰቅል እንደተሰለፈ ተማሪ በረድፍ ይቆማል። ይሄ ጫካ ሰልፍ አያውቅም። አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ ሐረጉ አንገት ላንገት ተያይዞ፣ ፀሐይዋ ከላይ በብልጭታ ብቻ ትወርዳለች። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ሲያየን ጴጥሮስ ቆመና ወደ ላይ አሳየኝ፦ «ቲቸር፣ ያ ቀፎ የኔ ነው። ያኛው ያባቴ ነው።» አንገቴ እስኪቆለመም ባይም አላየሁትም። «እዚያ ላይ እንዴት ትወጣለህ?» አልኩት። «በሐረግ» አለኝ። አንድ የፈረስ ኮርቻ ላይ ለመውጣት ጉቶና ሁለት ሰው የፈለገ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ሁለት ሰዓት ያህል ሄደን ውሃው ጋ ደረስን። ንጹሕ ምንጭ ነው፣ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ይተኛል፤ ግን ጉልበቴን እንኳ አልደረሰም። ቢጫ ቁምጣዬን ለብሼ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ውሃው ሞልቶ ወጣ።

«ይሄማ የሚስቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው!» አልኩ። «ሙሉጌታ ዋና ነበር ያለኝ።»

«ዋና ታች ነው» አለ ጴጥሮስ። «ትልቅ ውሃ አለ። ፏፏቴ አለ። ግማሽ ሰዓት።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ጴጥሮስ ጋሽ ደምሰውን አያቸው። «ታች ዝንብ አለ፣ ጋሼ። ፈረስ እዚህ ይሁን። ቲቸር በእግር ይምጣ።»

ይሄ ነበር መልሱ። ግማሽ ሰዓት በእግር። ጴጥሮስ ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠልኝ፣ እኔም ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ግን ከቁልቁለቱ በኋላ ዳገቱ ታየኝ፤ ትንፋሼ ታየኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ፈረስ ምን ቁም ነገር ነው? አንዱ ሲደክም ሌላ ጋሪ ይጠራል። እንዲህ አልኩ፦ «በእግሬማ ከሄድኩ ስትመለሱ የምትሸከሙት ሬሳዬን ነው። እናንተ ሁለት ናችሁ፣ እኔ ግን ለስምንት ሰው ነኝ። ደግሞ አንድ ሰዓት ምን ይላል? ዝንቡስ እኔን የመሰለ ሥጋ እያየ ፈረሱን ምን ብሎ ይነክሳል?»

ጋሽ ደምሰው ሳቁ። ጴጥሮስ አልሳቀም። ጋሽ ደምሰው ገመዱን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላኛው አዛወሩ፣ የቦራን ግንባር ነኩ፣ ወደ ላይ ወደመጣንበት አዩ። «ይሁን እንግዲህ» አሉ። «እንግዳ ናቸው። ይሁን።»

በአማርኛችን እንዲህ ያለ «ይሁን» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? እኔም ስል ኖሬያለሁ፤ ለባለሥልጣን፣ ለአማት፣ ለአከራይ። የእኔን «ይሁን» ሰው ሳይሰማልኝ ሲቀር ስንት ጊዜ ነው ያማረርኩት። የእሳቸውን ግን ሰምቼ ወደ ኮርቻው ወጣሁ።

ውሃውን አልዋሽም፤ ቆንጆ ነው። ከላይ ይወድቃል፣ ሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይሰፋል። በልጅነቴ፣ በሬሳ በሚባለው የከተማችን ወንዝ ውስጥ የተማርኩት የውሻ ዋና ነው፤ እሱም በብርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። እዚህ ውሃው ለብ ብሎ ተሸከመኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ክብደት የሌለኝ መስሎ የተሰማኝ ያን ሰዓት ብቻ ነው። የቁምጣው ማሰሪያ ተበጠሰ። በአንድ እጄ እየዋኘሁ በአንድ እጄ ቁምጣ ያዝኩ። ጴጥሮስ ስልኬን ይዞ ፎቶ አነሳኝ። «ድገም፣ ከፏፏቴው ጋር! ድገም፣ ሆዴን ውሃ ውስጥ ልደብቀው!»

ዝንቡ ግራጫ ነው፣ ሲያርፍ ክንፉን አንዱን ባንዱ ላይ እንደ መቀስ ይገጥመዋል። ጴጥሮስ እርጥብ ቅጠል ሰብስቦ ጭስ አነደደ። «ምነው፣ ልትጠብሱኝ ነው?» አልኩት። ጋሽ ደምሰው ትልቅ ቅርንጫፍ ሰብረው ቦራን ከጆሮው እስከ ጭራው፣ ከሆዱ ሥር፣ በግራው፣ በቀኙ ያራግቡለታል። ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ እግሩን ይመታል። እኔ ከውሃው ውስጥ ሆኜ ጮህኩ፦ «ጋሽ ደምሰው! ለእትዬ ጥሩ ነው የምናገረው! ለፈረስ እንዲህ የሚያራግብ ባል ለሚስቱ ምን ያደርጋል?»

እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እንደገና ወደ ማራገቡ ተመለሱ። አንድ ሰዓት ብዬ ነበር፤ ስወጣ ፀሐይዋ ከፏፏቴው ወዲያ አልፋለች። ለአንዲት ደቂቃም አልተቀመጡም።

ስንመለስ እትዬ ጥሩ አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁን። ቦራን ዞሩት። ሆዱ ሥር ነጠብጣብ ደም ነበር። ባላቸውን አዩ፣ ባላቸው መሬት አዩ። «ታች ወርዳችሁ ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እኔን አዩና ፊታቸው ተመለሰ። «ውሃው እንዴት ነበር ልጄ? በረደህ? ና ግባ፣ ጎደሬ ቀቅያለሁ፣ ጴጥሮስ ማር አምጥቷል።» እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወደ ፈረሱ ሄዱ። እኔ ገብቼ ጎደሬ በማር በላሁ። ሦስቴ ተጨመረልኝ።

አርብ ተሳፈርኩ። ሁለት ቀን ፈረስ ላይ ተቀምጬ ወንበር ጠላቴ ሆኗል፤ መኪናው ጋ ሊሸኙኝ ለመጡት ጋሽ ደምሰው ሰርቶ ማሳያ አደረግኩላቸው፣ እንዴት በአንድ ጎን እንደምቀመጥ። እሳቸውም በብብታቸው የያዙትን አወጡ። ትራሷ ናት። «ባለቤቴ ናት የላከችው። መንገዱ እንዳይጎዳው ብላለች። ለኛ ሌላ ትሰፋለች።» እንቢ ማለት ነበረብኝ። አያችሁ፣ እንቢ ማለት ከእኛ ከሁለታችን ለማናችንም አልሆነልንም፤ ልዩነቱ እሳቸው በሰጡ ቁጥር፣ እኔ በወሰድኩ ቁጥር መሆኑ ነው። ጋምቤላ ድረስ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ድረስ ተመችቶኝ መጣሁ።

ወር አልፎ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። «ቦራን ሰላም በልልኝ፣ ክብደት ቀንሻለሁ በለው» አልኩት።

 «ቦራ የለም» አለኝ።

መጀመሪያ መብላት ቀነሰ፣ ዓይኑ አለቀሰ፣ ጎድኑ ተቆጠረ፣ ሆዱ ሥር አበጠ። የእንስሳት ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ወጋው። አንድ ጠዋት ለመነሳት ሞክሮ የኋላ እግሮቹ እንቢ አሉ። ሙሉጌታ እንድሰማ አልፈለገም፤ ጋሽ ደምሰው አስምለውታል። «እንዳትነግራቸው፣ ይሰማቸዋል፣ ዳግመኛ አይመጡም። ድሮም ያመው ነበር እንላለን» ብለው ነው። «እኔ ብኖር» አለኝ ሙሉጌታ፣ «አንተ ወፍራም፣ በእግርህ ሂድ እልህ ነበር። እሳቸው እንዴት ይበሉህ?»

«እትዬስ?»

«ቤት ናቸው።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማል።»

ካሳ ልላክ ብዬ ለጋሽ ደምሰው ደወልኩ። «ኧረ መምህር፣ እንግዳ ካሳ ይከፍላል እንዴ? ይልቅ ውሃው እንዳለ ነው፣ ይምጡ» አሉኝ። ደግሜ ብለምን «ተዉ እባክዎ» አሉ። ከእሳቸው የሰማሁት እንቢታ ይሄ ብቻ ነው።

ማታ ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አንድ ባንድ አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። እኔን በጣቴ ወደ ጎን እየገፋሁ ኋላውን አሰፋሁት። በአሥራ አንዱም ቅርንጫፉ ከፍ ብሏል።

ትራሷ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ናት። የፈረስ ላብ ትሸታለች፤ ባለቤቴ ልጠባት አለች፣ ከለከልኳት። ባለፈው ሳምንት ድፍረት አገኘሁና ሙሉጌታ በስልኩ ከእትዬ ጥሩ ጋር አገናኘኝ። ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። 

«እትዬ፣ ትራሷን መልሼ ልላክልዎት?» አልኳቸው።

 ከኋላቸው የድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ እሁድ ነበር።

«ምን ላይ ላደርጋት ልጄ?» አሉኝ።